ሳራ በርናር፦ ሚና ከመጠበቅ ቴአትር ቤት እስከ መምራት

አንዲት ተዋናይት ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ምን ይጠብቃታል? የእናት ሚና፣ የአክስት ሚና፣ ምናልባትም የአማት። በወጣትነቷ ዋናውን ገፀ ባሕሪ ስትጫወት የኖረች ሴት ዕድሜዋ ሲገፋ ሁለት ትዕይንት ላይ ብቅ ብላ ትሄዳለች። አብሯት የጀመረው ወንድ ግን አሁንም ንጉሥ ነው። አሁንም አፍቃሪ ነው። ይሄ አዲስ አበባም ያለ ነገር ነው፤ ለንደንም፣ ሆሊውድም።

ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ተመልካቹ አይፈልግም።» በዚህ አልስማማም። ተመልካች ያላየውን ነገር እንዴት ብሎ ይጠላል? ከተመልካቹ በፊት የሚመርጥ ሰው አለ። ተውኔቱን ይመርጣል፣ ሚና ያከፋፍላል፣ ገንዘቡን ያወጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያ ሰው ማን እንደሆነ ነው።

ለዚህ ከፈረንሳዊቷ ሳራ በርናር የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። በመጋቢት 1900 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሳራ የ20 ዓመት ወጣት ወንድ ሆና መድረክ ላይ ወጣች። ዕድሜዋ 55 ነበር፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ተውኔቱ የናፖሊዮንን ልጅ ታሪክ የሚያሳየው የኤድሞን ሮስታን «የንስሩ ጫጩት» ነው። ፓሪስ በእግሯ ቆመች። ተውኔቱ 250 ጊዜ ገደማ ታየ። ይህን ሚና ለሳራ የሰጣት አለቃ አልነበረም። ተውኔቱ የተጻፈው ለእሷ ነው፤ የታየውም እሷ በምትመራው፣ በስሟ በሚጠራ ቴአትር ቤት ነው።

እዚያ የደረሰችበት መንገድ ረጅም ነው። ብዙ ጊዜ ሲተረክም አይሰማም። ስለ ሳራ የሚወራው ሌላ ነው። የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝታ ፎቶ መነሳቷ፣ ቤቷ አቦሸማኔ ማሳደጓ፣ የወዳጆቿ ብዛት። ይህ ሁሉ ወሬ ሥራዋን ጋርዶባታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሥራዋ ነው።

ሳራ በ1844 ፓሪስ ተወለደች። እናቷ ከሆላንድ የመጣች አይሁዳዊት ነበረች፤ የምትኖረው ሀብታም ወዳጆቿ በሚሰጧት ገንዘብ ነው። አባቷ ማን እንደሆነ ዛሬም በእርግጠኝነት አይታወቅም። ልጅቷ ቬርሳይ አጠገብ ወዳለ የካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ተላከች፤ እዚያው ተጠመቀች፤ መመንኮስም አማራት። ከእናቷ ወዳጆች አንዱ መስፍን ደ ሞርኒ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ የናፖሊዮን 3ኛ የእናት ልጅ። «ይህቺ ልጅ ተዋናይት ትሁን» ያለው እሱ ነው። በ1860 የትወና ትምህርት ቤት ገባች። ገና ከጅምሩ ዕጣዋን ሌላ ሰው ወሰነላት ማለት ነው።

በ1862 ኮሜዲ ፍራንሴዝ ተቀጠረች። ኮሜዲ ፍራንሴዝ በ1680 በንጉሥ ትእዛዝ የተቋቋመ የመንግሥት ቴአትር ቤት ነው። ለአንባቢ እንዲቀል የኛን ብሔራዊ ቴአትር ያስቡ። ቋሚ ተዋንያን አሉት፣ ደሞዝ አለ፣ ማዕረግ አለ፣ ጡረታ አለ። አለቃም አለ። እዚያ የገባች ወጣት ተራዋን ትጠብቃለች።

ሳራ ብዙ አልጠበቀችም። በጥር 1863 የጥንቱ ፈረንሳዊ ጸሐፌ ተውኔት የሞሊየር ልደት ሲከበር ተዋንያኑ በሰልፍ እየሄዱ ሐውልቱን ያከብሩ ነበር። ሳራ ትንሿን እህቷን ሬዢንን ይዛ መጥታለች። ልጅቷ ማዳም ናታሊ የተባለችውን አንጋፋ ተዋናይት ቀሚስ ረገጠች። የዚያን ጊዜ ቀሚስ መሬት ለመሬት የሚጎተት ነው። ናታሊ ዞር ብላ ልጅቷን ገፈተረቻት፤ ልጅቷ ከምሰሶ ጋር ተጋጭታ ደማች። ሳራ ያኔ 18 ዓመቷ ነው፤ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። ሄዳ አንጋፋዋን በጥፊ አጮለቻት። አስተዳደሩ «ይቅርታ ጠይቂ» አላት። አልጠይቅም አለች። ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ቤት ወጣች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሳራ ቁጡ እንደነበረች ለማሳየት ነው። ለኔ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ማን ማንን መግፋት እንደሚችል የታወቀ ሕግ ነበር። ሳራ ያን ሕግ አልቀበልም አለች፤ ዋጋውንም ከፈለች። ሥራ ፈታች። በ1864 ሳታገባ ልጇን ሞሪስን ወለደች። የ20 ዓመት እናት፣ ቋሚ ሥራ የሌላት፣ አባት በሌለበት ልጅ የምታሳድግ።

ከዚያ በ1866 ኦዴዮን በሚባለው ቴአትር ቤት ሥራ አገኘች፤ ስሟ የተነሳውም እዚያ ነው። በ1870 ፕሩሲያ ፓሪስን ስትከብ ኦዴዮንን የቁስለኛ ሆስፒታል አደረገችው። እንጨቱን፣ ምግቡን፣ መድኃኒቱን የምታፈላልገው እሷው ነበረች። አንድ ቴአትር ቤት እንዴት እንደሚተዳደር የተማረችው መጀመሪያ በዚያ ይመስለኛል። መድረኩ ላይ ሳይሆን ጓዳው ውስጥ።

በ1872 ኮሜዲ ፍራንሴዝ መልሶ ጠራት። በ1874 የጥንቱን ፈረንሳዊ ጸሐፌ ተውኔት የራሲንን «ፌድር» ተጫወተች፤ ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። ሆኖም ተውኔት የሚመርጥላት አሁንም ሌላ ሰው ነው። በ1880 በቂ ልምምድ ሳታደርግ አንድ ያልወደደችውን ሚና እንድትጫወት ተደረገ። ጋዜጦች አብጠለጠሏት። በማግስቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ላከች። ቴአትር ቤቱ ከሰሳት፤ ፍርድ ቤቱም 100 ሺ ፍራንክ ክፈይ አላት። ለጡረታ የተጠራቀመላትንም አጣች። ዝነኛ ብትሆንም ንብረትነቷ የቤቱ እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው።

ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ከጉዞ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የራሷን ቡድን ይዛ አሜሪካ ሄደች። በ51 ከተሞች 157 ጊዜ ተጫወተች። የተጫወተችው በፈረንሳይኛ ነው። ተመልካቹ ቋንቋውን አያውቅም፤ የትርጉም ቡክሌት ገዝቶ ነበር የሚገባው። አንዳንድ ቀሳውስት ምዕመናን እንዳይሄዱ ሰበኩ። ሳታገባ የወለደች ሴት የውሽማ ገፀ ባሕሪ ስትጫወት ማየት ነውር ነው ተባለ። አዳራሾቹ ግን ጢም አሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን ስትዞር ኖረች፤ ሩሲያ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ግብፅ፣ አውስትራሊያ።

ወሳኙ ነገር በዚህ ገንዘብ ያደረገችው ነው። በ1882 አምቢጉ የሚባለውን ቴአትር ቤት በልጇ ስም ያዘችና ከሰረች። ዕዳዋን ለመክፈል ጌጣጌጧን እስከ መሸጥ ደረሰች። ሌላ ሰው ቢሆን «ትወና ይሻለኛል» ብሎ ይተወው ነበር። እሷ እንደገና ለጉዞ ወጣች፣ እንደገና አጠራቀመች፤ በ1893 ሬኔሳንስ የተባለውን ቴአትር ቤት ያዘች። ከዚህ በኋላ ተውኔት የምትመርጠው፣ ሚና የምታከፋፍለው፣ ልምምድ የምትመራው፣ መብራትና አልባሳቱን የምትወስነው ሳራ ናት።

ምን እንደሠራችበት ልጥቀስ። አልፍሬድ ደ ሙሴ በ1834 «ሎሬንዛቺዮ» የሚል ተውኔት ጽፎ ነበር። ገፀ ባሕሪው ብዙ፣ ትዕይንቱ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እየዘለለ የሚሄድ። «ይህ ለንባብ እንጂ ለመድረክ አይሆንም» ተባለና 60 ዓመት ተቀመጠ። ደራሲውም መድረክ ላይ ሳያየው ሞተ። በ1896 ሳራ ጽሑፉ አጥሮና ተስተካክሎ እንዲዘጋጅ አድርጋ መድረክ ላይ አቆመችው፤ የዋናውን ወንድ ሚናም ራሷ ያዘች። ዛሬ «ሎሬንዛቺዮ» ከፈረንሳይ ታላላቅ ተውኔቶች ይቆጠራል። ያን በር የከፈተችው እሷ ናት።

የፖስተሩም ነገር አለ። በ1894 የገና ሰሞን «ጂስሞንዳ» ለተባለው ተውኔቷ በአስቸኳይ ማስታወቂያ ያስፈልጋታል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የተገኘው አንድ ስሙ የማይታወቅ የቼክ ሰዓሊ ነበር፤ አልፎንስ ሙሻ። የሠራው ሥዕል ሁለት ሜትር የሚያህል ቁመት ያለው፣ ቀጭን፣ ቀለሙ ለስለስ ያለ ነው። የዚያን ጊዜ ማስታወቂያ ደማቅና ጯሂ ስለነበር ማተሚያ ቤቱ ፈራው። ሳራ ስታየው ወዲያው ወደደችው፤ ለስድስት ዓመት አስፈረመችው። ሙሻ ፖስተር ብቻ ሳይሆን አልባሳት፣ ጌጣጌጥና የመድረክ ገጽታ ሠራላት። ፓሪስ ውስጥ ሰዎች ማታ ማታ ፖስተሩን ከግድግዳ እየላጡ ይወስዱት ነበር። ጥሩ አዘጋጅ ማለት ለኔ ይህ ነው፤ ሌላው የፈራውን ሰው አይቶ የሚቀጥር።

አንድ ሌላም ነገር ስለ ባሕሪዋ ይነግረናል። በ1897 የጣሊያኗ ኤሊዮኖራ ዱሴ ፓሪስ መጣች። ዱሴ ዋነኛ ተፎካካሪዋ ናት፤ የምትጫወተውም ሳራ የታወቀችበትን ሚና ጭምር ነው። ሳራ የራሷን መድረክ ለቀቀችላት። መካከላቸው ፍቅር አልነበረም፣ ሐሜቱም ብዙ ነበር። ግን መድረክ ያላት ሴት ለሌላዋ መድረክ መስጠት ቻለች።

በ1899 ደግሞ ሳራ ከፓሪስ ከተማ አስተዳደር 1,700 ገደማ መቀመጫ ያለውን ትልቅ ቴአትር ቤት ተከራየች። ሻትሌ አደባባይ ላይ ነው። ስሙን «ቴያትር ሳራ በርናር» አለችው። የውስጡን ቀይ ከፋይ አስነቅላ ቢጫ አለበሰችው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሐምሌትን ተጫወተች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሼክስፒርን ሐምሌት ከሷ በፊት የተጫወቱ ሴቶች ነበሩ። ሳራ ግን ሚናውን ብቻ አይደለም የያዘችው፤ ዝግጅቱን በሙሉ ከመሠረቱ አሰበችበት። ፈረንሳዮች የለመዱት ሐምሌት በግጥም የተተረጎመና ብዙ የተቆረጠ ነበር። እሷ አዲስ የስድ ንባብ ትርጉም አሠራች። ከዋናው ብዙ የማይቀንስ፣ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ። ገፀ ባሕሪውንም ለወጠችው። ሐምሌት የሚያመነታ፣ የሚያለቅስ፣ የደከመ ሰው ነው ይባል ነበር። የሷ ሐምሌት ወጣት ነው፣ ቁጡ ነው፣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ለምን ሴት ትጫወተዋለች ለሚሏት መልስ ነበራት። ሐምሌት ወጣት ነው፤ ሐሳቡ ግን የበሰለ ነው። የ20 ዓመት ወንድ ተዋናይ ሐሳቡን አይሸከመውም። የሚሸከመው በዕድሜ የገፋ ወንድ ደግሞ ወጣት አይመስልም። የበሰለች ሴት ሁለቱንም ትችላለች ትል ነበር። መልሱን ሁሉም አልተቀበለውም፤ በተለይ እንግሊዞች ተሳልቀዋል። እኔ ግን ክርክሩ ጠንካራ ነው እላለሁ። ለ54 ዓመት ሴት የሚሆን ሚና በሌለበት ዓለም የወንዶቹን ሚናዎች በምክንያት ወሰደቻቸው።

እኛ ዘንድ ነገሩ በተገላቢጦሽ ነበር። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ዓመታት የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ሴት መድረክ ላይ መቆሟ ነውር ነበር። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ቀደምት ተዋንያት ያን ስድብ ተሸክመው ነው መንገዱን የጠረጉት። አስናቀች በክራሯም በትወናዋም ትታወሳለች። ሆኖም ተውኔት የመምረጥና ቤት የመምራት ሥልጣን ለሴት የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። ዓለምፀሐይ ወዳጆን እዚህ ላይ ሳላነሳ አላልፍም። ተዋናይት፣ ገጣሚ፣ ጸሐፌ ተውኔትና አዘጋጅ ናት። ኑሮዋ ወደ አሜሪካ ሲዞር ዋሽንግተን አካባቢ ጣይቱ የባህል ማዕከልን አቋቋመች። በስደት ላይ ያለ ከያኒ ሚና የሚሰጠው የለም። ስለዚህ መድረኩን ራሷ ሠራችው፤ ለሌሎችም አተረፈች።

የሳራን ነገር ሳደንቅ ጉድለቷን አልደብቅም። ቤቷ የአንድ ሰው ቤት ነበር። ተውኔቱ የሚመረጠው ለሷ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ሌሎቹ ተዋንያን ብዙ ጊዜ አጃቢ ነበሩ። ሌላ ሴት አዘጋጅ አሰልጥና ቤቱን አላወረሰችም፤ የወረሰው ልጇ ሞሪስ ነው። ትወናዋም እየቆየ የድሮ ስልት ሆነ። ጸሐፌ ተውኔቱና ሃያሲው በርናርድ ሾው ዱሴን ከሷ አብልጦ ጽፏል፤ ከምክንያቶቹ አንዳንዱ ልክ ነው። ገንዘብ አያያዟም ጥሩ አልነበረም። ሬኔሳንስ ላይ ብዙ አጥታለች። ጉዞው የማያልቀው ቤቱ የሚበላው ገንዘብ ስለማያልቅ ነው።

ሥልጣን የያዘች ሴት ደግሞ ጠላት አታጣም። በ1906 አሜሪካ ውስጥ የቴአትር ቤቶችን ሰንሰለት የተቆጣጠረ የነጋዴዎች ማኅበር ነበር። ከሱ ጋር ስላልተዋዋለች በተለይ ቴክሳስ ውስጥ አዳራሽ ተከለከለች። ድንኳን አስተከለች። እንደ ሰርከስ ያለ፣ ከ4 ሺ በላይ ሰው የሚይዝ። በ61 ዓመቷ እዚያ ውስጥ ተጫወተች፤ ሰዉ ከሩቅ በባቡር እየመጣ አያት። በአገሯ ደግሞ በትውልዷ ምክንያት ስትሰደብ ኖራለች። ጋዜጦች በአይሁዳዊነቷ የሚያላግጡ ካርቱኖች ያትሙ ነበር። የድሬይፉስ ጉዳይ ፈረንሳይን ለሁለት ሲከፍል እሷ በግፍ ከተከሰሰው አይሁዳዊ መኮንን ጎን ቆመች። ልጇ ሞሪስ በተቃራኒው ወገን ነበር። እናትና ልጅ ተኳረፉ።

በ1905 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ከመድረክ ግንብ ስትዘል ቀኝ ጉልበቷ ተጎድቶ ነበር። ከታች መነጠፍ የነበረበት ፍራሽ ቦታው ላይ አልነበረም። ጉልበቷ እየባሰ ሄደ፤ በየካቲት 1915 ቦርዶ ውስጥ እግሯ ተቆረጠ። 70 ዓመቷ ነው። ሰው ሠራሽ እግር አልወደደችም። በወንበር ቃሬዛ ተሸክመዋት ትሄዳለች፤ መድረክ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች። በ1916 ጦር ግንባር ሄዳ ለወታደሮች ተጫወተች። ከዚያም እንደገና አሜሪካ ዞረች። ተቀምጣ የምትጫወት ተዋናይት የሚቀጥር ሥራ አስኪያጅ ዛሬስ አለ? እሷ የቀጠረችው ራሷን ስለሆነ ማንንም አላስፈቀደችም።

ሳራ በመጋቢት 1923 በ78 ዓመቷ አረፈች። የፓሪስ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሸኛት። ቴአትር ቤቱ ስሟን ይዞ ቆየ። ናዚዎች ፓሪስን ሲይዙ ትውልዷ አይሁድ ነው ተብሎ ስሟ ተፋቀ። ከጦርነቱ በኋላ ተመለሰ፤ በኋላ ደግሞ በሌላ ምክንያት ተለወጠና በ1968 «ቴያትር ደ ላ ቪል» ተባለ፤ የከተማው ቴአትር ማለት ነው። ለዓመታት ለዕድሳት ተዘግቶ በ2023 ሲከፈት «ቴያትር ደ ላ ቪል ሳራ በርናር» የሚል ስም ይዞ ነበር። ያረፈችበት መቶኛ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ፔቲ ፓሌ የተባለው ሙዚየም ስለ እሷ ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳየ።

ስሟ መመለሱ ደስ ይላል። አሁን የቀረው የአዘጋጅነት ሥራዋ ነው። ስለ ዘመናዊ የቴአትር ዝግጅት የሚጻፉ መጻሕፍት በአብዛኛው ከአንድሬ አንቱዋን ይጀምራሉ፤ በ1887 ፓሪስ ውስጥ ነፃ ቴአትርን ያቋቋመው ሰው ነው። ከዚያ ወደ ሩሲያዊው አዘጋጅ ወደ ስታኒስላቭስኪ ይሻገራሉ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን ሁለት ትልልቅ ቴአትር ቤቶችን የመራች፣ «ሎሬንዛቺዮ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ያቆመች ሴት «ኮከብ» ተብላ ትታለፋለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ተማሪዎችም፣ ሌላ ቦታ የሚማሩትም፣ የሳራን ሐምሌት እንደ ትወና ብቻ ሳይሆን እንደ ዝግጅት ቢያጠኑት እመኛለሁ። ትርጉሙን በማን እንዳሠራች፣ ምን እንዳልቆረጠች፣ ኪራዩን በምን እንደከፈለች ጭምር።